በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የቆመች መኪና ምን ትመሰክራለች?

በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚኖሩ የዘጠና ዓመት እናት፣ በሣጥናቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጧት አንዲት ፎቶግራፍ አለች። መጠኗ ከእጅ መዳፍ አትበልጥም፤ አንዱ ጠርዟም ተበልቷል። በምስሉ ላይ ጺሙን ያጎፈረ አንድ ወጣት ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እጁን በአንዲት ጥቁር መኪና ፓራፋንጎ ላይ አሳርፎ ቆሟል። እናት ስለ ወጣቱ ሲጠየቁ «አባቴ ናቸው» ይላሉ። አባታቸው በ1928 ዓ.ም ወደ ማይጨው ሲዘምቱ እርሳቸው የአንድ ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ አባትም ከዘመቻው አልተመለሱም። ስለዚህ የአባታቸውን ፊት የሚያውቁት በዚህች ወረቀት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ከተማ ተምሮ የመጣው የልጅ ልጃቸው ጥርጣሬ አደረበት። ከፎቶግራፏ ጀርባ በእርሳስ «1917» ተብሎ ተጽፏል። ወጣቱ ቁጥሩን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አነበበውና ወደ እኛ ሲመልሰው 1909 ዓ.ም ገደማ ሆነበት። በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚነገረው ቅድመ አያቱ ሲዘምቱ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሁለት ነበር። እንግዲህ በ1909 ዓ.ም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጺም አያጎፍርም። «ይህ ሌላ ሰው መሆን አለበት» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እናት ፎቶግራፏን ለእንግዳ ማሳየት ትተው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወደዚያ ቤት የሄደው ስለ ምርጥ ዘር አቅርቦት ለመጠየቅ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የተነሣው ጨዋታ ግን ወደዚህች ፎቶግራፍ ወሰደን። ነገሩን በመጨረሻ የፈታው የሰው ምስክርነት አልነበረም፤ የፈታችው መኪናዋ ናት። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ስለሚገኝ፣ መኪናዋ እንዴት እንደምትነበብ ለአንባብያን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከፊቷ ይጀመራል

በገጠር መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ከሩቅ አቧራ እያስነሣ የሚመጣው ሲኖትራክ ይሁን አይሱዙ ገና ታርጋው ሳይታይ ይለያል። የሚለየው በፊቱ ነው። የቀደሙት መኪኖችም የሚለዩት እንዲሁ ነው። ፎገራን ከራያ በሬ የሚለይ ገበሬ ቀለሙን ብቻ አያይም፤ ቀንዱን፣ ሻኛውንና አቋሙን አንድ ላይ ይመዝናል። ቀለም በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ ቅርጽ ግን ይናገራል።

በቀደሙት መኪኖች ላይ ፊት ማለት በአብዛኛው ራዲያተር ነው። ዛሬ ራዲያተሩ ከሽፋን ኋላ ተደብቋል። በዚያ ዘመን ግን በግልጽ ይታይ ስለነበር ፋብሪካዎች የመታወቂያ መልካቸው አድርገውት ነበር። የአሜሪካው ፓካርድ ራዲያተር የላይኛው ጠርዝ ግራና ቀኝ ትከሻ ያለው በመሆኑ፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ በበሬ ቀንበር ይመሰላል። የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ እንደ ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ ቀጥ ያሉ ምሰሶዎችና ሦስት ማዕዘን ጣሪያ አለው። የፈረንሣዩ ዴሎኔ ቤልቪል ደግሞ ራዲያተሩም ኮፈኑም ክብ ነው፤ ኩባንያው በእንፋሎት ማሞቂያ በርሜል ሥራ የታወቀ ነበርና መኪናውም በርሜል መሰለች። የእንግሊዙ ሞሪስ ከ1913 እስከ 1926 እ.ኤ.አ ድረስ የራዲያተሩ አናት እንደ በሬ አፍንጫ የተድቦለቦለ ነበር።

አንዳንዷ መኪና ደግሞ ከፊቷ ራዲያተር የላትም። የፈረንሣዩ ሬኖ ለሃያ ዓመት ያህል ራዲያተሩን ከሞተሩ ኋላ፣ ከክሩስኮቱ ፊት ያስቀምጥ ነበር። በዚህም ምክንያት ኮፈኑ ወደ ፊት እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ይህን ቅርጽ ያየ ሰው ወዲያው «ሬኖ» ለማለት ይቸኩላል። ሆኖም ክሌማን ባያርና ሻሮን የተባሉ የፈረንሣይ መኪኖች፣ የአሜሪካው ማክ የጭነት መኪናም እንዲህ ያለ ኮፈን ነበራቸው። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ቢያንስ ሁለትና ሦስት መሆን አለበት።

ዕድሜዋን መገመት

ገበሬ በገበያ የበሬን ዕድሜ ሲያጠና ሻጩ በነገረው አይረካም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ለመኪና ጥርስ የሚሆኗት መብራቷ፣ ጎማዋ፣ ፍሬኗና በሯ ናቸው።

መጀመሪያ መብራቷን ይመልከቱ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠሩ መኪኖች የፊት መብራታቸው የሚበራው በጋዝ ነበር። ካርባይድ የተባለው ድንጋይ መሰል ነገር ውኃ ሲንጠባጠብበት የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም በቀጭን ቱቦ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ስለዚህ በመወጣጫዋ ላይ ትንሽ የናስ ጣሳ፣ ከጣሳው ወደ መብራቱ የሚሄድ ቱቦ፣ በጎኗም እንደ ፋኖስ ያሉ የዘይት መብራቶች የሚታዩባት መኪና ቀደምት ናት። ከ1910ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኤሌክትሪክ ይህን ሁሉ እየተካው ሄደ።

ቀጥሎ በሯን ይፈልጉ። እስከ 1910 እ.ኤ.አ ገደማ በነበሩት ክፍት መኪኖች የኋላው ወንበር በር ሲኖረው የፊተኛው ብዙውን ጊዜ በር አልነበረውም፤ የሹፌሩ እግር ከውጭ ይታይ ነበር። ጣሪያና መስታወት ያላት የተዘጋች መኪና በብዛት መታየት የጀመረችው በ1920ዎቹ ነው።

ሦስተኛው ምልክት ጎማና ፍሬን ነው። የቀደሙት ጎማዎች ቀጫጭን ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ቸርኬያቸው ከእምብርቱ ጋር በእንጨት ዘንጎች የተያያዘ ነበር። ዘንጎቹን መቁጠር ይጠቅማል፤ ፋብሪካዎች ቁጥሩን ያለያዩ ነበርና። ፎርድ ቲ በእያንዳንዱ ጎማ አሥራ ሁለት ዘንግ አላት። ከኋላ ጎማዋ በጎን በኩል እንደ ብስክሌት ሰንሰለት የሚታይባት ከሆነች፣ ወይ ቀደምት መኪና ወይ የጭነት መኪና ናት፤ የጭነት መኪኖች ሰንሰለትን ከሌሎቹ ዘግይተው ነው የተዉት። እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደግሞ የአብዛኞቹ ፍሬን በኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነበር። በፊት ጎማዋ እምብርት ኋላ ክብ የፍሬን ታምቡር ከታየ፣ መኪናዋ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራች መሆኗን በአብዛኛው መገመት ይቻላል።

በመጨረሻ ጥቃቅኑን በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። የፋብሪካው ስም ብዙ ጊዜ በጎማው እምብርት ክዳን ላይ፣ በራዲያተሩ አናት ወይም በመወጣጫው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከአራት ፊደል ሁለቱ እንኳ ቢነበቡ ትልቅ ነገር ነው።

ስማቸው የተረሳ መኪኖች

እስካሁን የጠቀስናቸው አብዛኞቹ ስመ ጥር ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪና ሠሪዎች ተነሥተው፣ ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው ጠፍተዋል። ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷም ከእነዚህ መካከል ናት።

በ1900 ዓ.ም፣ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ላይ ያበቃ በነበረበት ጊዜ፣ ሁለት መኪኖች አዲስ አበባ ደርሰው ለዳግማዊ ምኒልክ ቀርበዋል። አንዷን ያመጣው ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሌላዋን ያመጣው አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሆልትዝ ስለ ጉዞው በ1908 እ.ኤ.አ በጀርመንኛ መጽሐፍ አሳትሟል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የስም ወጥመድ ነው። «ቤንትሌይ ያመጣት መኪና» ሲባል የሰማ ሰው፣ መኪናዋ ዛሬ በቅንጦቷ የምትታወቀው ቤንትሌይ ትመስለዋለች። ነገር ግን ቤንትሌይ የተባለው የመኪና ኩባንያ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ1919 እ.ኤ.አ ነው፤ መሥራቹም ሌላ ሰው ነው። ቤድ ቤንትሌይ የነዳት መኪና ሲድሊ ትባላለች። ሲድሊ በዚያን ጊዜ ዎልስሊ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተጣምሮ ይሠራ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን መኪኖቹ አንድ ቦታ «ሲድሊ»፣ ሌላ ቦታ «ዎልስሊ ሲድሊ» ተብለው ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለት ስም ሁለት መኪና ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የዝና ወጥመድ ነው። የሆልትዝ መኪና ጀርመናዊት መሆኗን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ «መርሴዲስ» ወይም «ቤንዝ» ይላል፤ የሚያውቀው የጀርመን ስም እርሱ ነውና። መኪናዋ ግን ናኬ ናት። የተሠራችው በድሬስደን አቅራቢያ በምትገኘው በኮስዊግ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ያ ፋብሪካ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ደግሞም መርሴዲስ የሚታወቅበት ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ በራዲያተሩ ላይ መታየት የጀመረው ከ1910 እ.ኤ.አ ወዲህ ስለሆነ፣ በ1900 ዓ.ም በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ኮከብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የማናውቀውን መኪና በምናውቀው ስም መጥራት ከአለማወቅ የባሰ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ የተሳሳተ ስም ከሰው ወደ ሰው ይወርዳልና። መልኳ ከየትኛውም ጋር ካልገጠመ «አልታወቀችም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም።

ፎቶግራፍ ሲያሳስት

ፎቶግራፍ አይዋሽም ቢባልም የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አንደኛ፣ ፎቶው ሲታጠብ ፊልሙ ወይም መስተዋቱ ከተገለበጠ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ያን ጊዜ መሪዋ በግራ ያለች መኪና በቀኝ ትመስላለች። ይህን ለማረጋገጥ የታርጋውን ወይም የማስታወቂያውን ፊደል ማየት ይበቃል። የውጭ አገር ተመራማሪ የእኛን ሰዎች ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል፤ በአገራችን ጎራዴ በቀኝ ጎን ይታጠቅ ስለነበር፣ በግራ መታጠቅን የለመደ ሰው ፎቶው የተገለበጠ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ መኪና ልብስ እንደሚቀይር ሰው ናት። ሻንሲዋ የአንድ ዘመን ሆኖ አካሏ በሌላ ዘመን የተሠራ ሊሆን ይችላል። መብራት ይቀየራል፣ ፓራፋንጎ ይቀየራል፣ ከተሰበረች መኪና የወጣ ዕቃ በሌላዋ ላይ ይገጠማል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ መኪና የምትነግረን ፎቶው ከመቼ በፊት ሊነሣ እንደማይችል ብቻ ነው። በ1923 የተሠራች መኪና በ1920 ፎቶ ላይ ልትገኝ አትችልም፤ በ1940 ፎቶ ላይ ግን ልትገኝ ትችላለች። በተለይ መኪና ብርቅ በነበረበት አገር አንዲት መኪና ለብዙ ዓመታት እየተጠገነች ታገለግል ነበር። የላይኛውን ወሰን ለማግኘት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የሰዎቹ ዕድሜ፣ ከበስተኋላ የሚታየው ሕንፃ፣ ከጀርባ ያለው ጽሑፍ ወይም የፎቶ ቤቱ ማኅተም። ለምሳሌ የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለነበሩ፣ ማኅተማቸው የተገኘበት ፎቶ አንድ ተጨማሪ ፍንጭ አለው።

ሁለቱ አቆጣጠሮች

የእናትን ፎቶግራፍ ያጠፋፋው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። ስለ መኪኖች የተጻፈው ታሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አባቶቻችን ከፎቶ ጀርባ የጻፉት ግን በእኛው አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባሉት ወራት በእኛ ቁጥር ላይ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ባሉት ስምንት መጨመር ያስፈልጋል። ቀኑ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ከሆነ፣ አቆጣጠሩ የእኛው መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። እንደዚህ ፎቶ በተለመደው ቁጥር ከተጻፈ ግን ሁለቱንም ሞክሮ የትኛው ከምስሉ ጋር እንደሚስማማ ማየት ይገባል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ፎቶግራፏን በስልክ አንሥተን ምስሉን አጎላነው። በእያንዳንዱ ጎማ አሥራ ሁለት የእንጨት ዘንግ አለ፤ በፊት በኩል ባሌስትራው እንደ ሌሎቹ በርዝመት ሳይሆን ከጎማ ወደ ጎማ በአግድም ተጥሏል። ይህ የፎርድ ቲ ምልክት ነው። ፎርድ ይህችን መኪና ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቷል፤ ስለዚህ በየአገሩ አሮጌ ፎቶ ላይ መገኘቷ አያስደንቅም።

ዓመቷን ለመለየት ደግሞ ምልክቶቿን አንድ በአንድ አየን። የፎርድ ቲ ራዲያተር እስከ 1916 ሞዴል ድረስ የሚያብረቀርቅ ናስ ነበር፤ የዚህችኛዋ ጥቁር ነው። በቸርኬዋ ዙሪያ ጠርዙ እንዲወልቅ የሚያደርጉ ብሎኖች ይታያሉ፤ እነዚህ በፎርድ ቲ ላይ የመጡት ከ1919 ሞዴል ጀምሮ ነው። የፊት መስታወቷ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። ይህ በክፍቷ ፎርድ ቲ ላይ የመጣው በ1923 ሞዴል ነው። በሹፌሩ በኩል ያለው «በር» ደግሞ በር አይደለም፤ በቆርቆሮው ላይ የተቀረጸ የበር ምስል ነው። አሜሪካ የተሠራችው ክፍት ፎርድ ቲ በዚያ በኩል እውነተኛ በር ያገኘችው በ1926 ሞዴል ነው።

እንግዲህ መኪናዋ የተሠራችው ከ1923 እስከ 1925 ሞዴል ባለው ጊዜ ነው። በ1917 እ.ኤ.አ ገና አልተፈጠረችም! ከጀርባ ያለው 1917 በእኛ አቆጣጠር ከተወሰደ ግን 1924 እና 1925 እ.ኤ.አ ላይ ያርፋል፤ ከመኪናዋም ጋር ይስማማል። በ1917 ዓ.ም ደግሞ የእናት አባት የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ። ጺማቸውን ማጎፈር ይችላሉ።

ይህ ስሌት በምስሉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ በራሱ አያረጋግጥም፤ መኪና የሰው ስም አታውቅም። ያደረገው ነገር የልጅ ልጁን ክርክር ማፍረስ ነው። ክርክሩ ከፈረሰ ደግሞ የሚቀረው ከእናታቸው ሰምተው ለዘጠና ዓመት የያዙት ቃል ነው። እርሱን የሚቃወም ነገር በፎቶግራፏ ላይ አልተገኘም። የልጅ ልጁ ስሌቱን በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሠርቶ ካየ በኋላ፣ ተነሥቶ የአያቱን ጉልበት ሳመ። እናትም ጨርቁን እየፈቱ «አላልኩህም?» አሉት።

ፎቶዎ ከመጥፋቱ በፊት

በብዙ የገጠር ቤት ያሉ ፎቶግራፎች ጢስ፣ እርጥበትና አይጥ እየጨረሳቸው ነው። ምድጃ ካለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ቶሎ ያጠቁራቸዋል። በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምስሉን ይልጠዋል፤ በፕላስቲክ ማሸግም እርጥበት ያፍናል። ከጀርባው መጻፍ ካስፈለገ በስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ፤ ሲጽፉም «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» ማለትን አይርሱ።

በስልክ ሲያነሡ ደግሞ ፎቶውን በጥላ፣ ግን የቀን ብርሃን በሚደርስበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ። ብልጭታ አይጠቀሙ፤ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ከፊትም ከጀርባም ያንሡ። ጎማውን፣ ራዲያተሩንና ታርጋውን ለየብቻ ቀረብ ብለው ያንሡ። ለታሪክ ጥናት የሚጠቅም መስሎ የሚታይዎት ፎቶ ካለ፣ ዋናውን ለማንም ሳይሰጡ ቅጂውን ይዘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጠየቅ ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፎቶውን የሚያውቁትን አረጋውያን ዛሬ ይጠይቋቸው፤ የተናገሩትንም በተናገሩት መልክ ይጻፉ። ጎማና መብራት ሌላ ቀንም ሊመረመሩ ይችላሉ። በፓራፋንጎው ላይ እጁን አሳርፎ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ነገ ላይኖር ይችላል።